ስውሯ ላንድሮቨርና የጋሽ ቱፋ ምላስ

ጡረታ የመንግሥት ሠራተኛ ነገር ነው ይላሉ። እኔ ግን ማንም ደብዳቤ ሳይጽፍልኝ ራሴን በራሴ ጡረታ አወጣሁ። ያስገደደኝ ወገቤ ነው። አሰላ ከተማ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ጎሚስታ ነበርኩ፤ ጎማ ስፈታ፣ ስጠግን፣ ስገጥም ኖርኩ። ባለፈው መስከረም ክሪኩንና ኮምፕሬሰሩን ለልጄ ለትዕግሥት አስረከብኩና አንድ ወንበር ይዤ ደጅ ተቀመጥኩ። እሷ ከእኔ ትፈጥናለች። የዛሬ ጎማ የውስጥ ጎማ የለውም፤ ሚስማሩን ትነቅላለች፣ ቀዳዳው ውስጥ ትል የመሰለች ነገር ትሸጉጣለች፣ ባለመኪናው ስልኩን አውርቶ ሳይጨርስ ሸኝታው ሌላ ትቀበላለች። ጎማ ተፈቶ፣ የውስጡ ወጥቶ፣ በውሃ በርሜል ውስጥ እየተገላበጠ አረፋ የሚፈለግበት ዘመን አለፈ። ደንበኛው ያን ሁሉ ጊዜ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ያወራ ነበር። ሥራው አይናፍቀኝም፤ የሚናፍቀኝ ወሬው ነው።

ልጆቹ “በደርግ ጊዜ የሚስቅ ሰው ነበር እንዴ?” ይሉኛል። ነበር እንጂ። እንዲያውም ዙሪያህን አይተህ ስለምትስቅ ሳቁ ይጣፍጥ ነበር። ፍርሃቱም ነበር፣ አልዋሽም። ግን ሰው ጠዋት ተነስቶ ማታ እስኪተኛ ድረስ ሲፈራ አይውልም፤ ይደክመዋል።

አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ እኔንም ወንበር ላይ ተቀምጬ ሊያየኝ ይመኝ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ ግን ወደ ወንበር የሚያደርስ አልነበረም። መጀመሪያ ሮቤ አካባቢ አንድ የትራክተር ጋራዥ ውስጥ ተቀጠርኩ። የዚያ አለቃዬ ብሎን ሲጠፋ ስብሰባ የሚጠራ ሰው ነበር። ብሎኑ ስብሰባው መሃል ከራሱ ኪስ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ስብሰባውን ግን አላቋረጠም። ከዚያ ሸሽቼ አሰላ ተመለስኩና ጋሽ ቱፋ ዘንድ ገባሁ። ደመወዜ ትንሽ ነበር፣ ምሳዬ ግን ትልቅ።

ጋሽ ቱፋ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉልበታቸው እጃቸው ላይ ብቻ የተጠራቀመ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። ሙያውን የተማሩት ከጦርነቱ በኋላ አገሩ ሳይገባ እዚሁ ከቀረ አንድ ጣሊያን ነው። ጎማውን በኦሮምኛ ያባብሉታል፣ እኔን በአማርኛ ይቆጡኛል፣ የዛገ ብሎን ሲያስቸግራቸው ደግሞ በጣሊያንኛ ይሳደባሉ። አንድም ቀን አሳስተው ብሎኑን በአማርኛ፣ እኔን በጣሊያንኛ ሲሰድቡ አልሰማሁም።

ሁለት የማይለቋቸው ልማዶች ነበሯቸው። አንደኛው፣ መኪና ሲገባ የተበላሸውን ጎማ ከመንካታቸው በፊት ዙሪያውን መዞር ነው። አራቱንም ጎማ በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፣ ጥርሱ መሃል የገባውን ጠጠር በወስፌ ያወጣሉ። ሁለተኛው ግን የሚያስቅ ነበር። ከጎማው ላይ ጭቃ ቆንጥረው ይቀምሱታል። “ይሄ የሮቤ አይደለም” ይላሉ ከዚያ። የሮቤ ጥቁር ጭቃ ጥርስ ላይ ይለጠፋል፣ የሲሬ አቧራ አመድ አመድ ይላል፣ የደጋዋ ከተማ የጮሌ ቀይ አፈር የዝገት ጣዕም አለው ብለው አስተማሩኝ። ሹፌሩ ከየት እንደመጣ ሲነግሩት አፉን ይይዛል። እኔም ለመልመድ ብዙ አፈር በልቻለሁ፤ ያተረፍኩት ግን የሆድ ሕመም ብቻ ነው።

ልጥፍ ላይ ደግሞ ቀልድ አያውቁም። የተቀደደ የውስጥ ጎማ ላይ የምንለጥፈው ቁራጭ ሁልጊዜ ክብ መሆን አለበት። “ማዕዘን ያለው ነገር ይላጣል” ይላሉ። እኔ ቸኩዬ አራት ማዕዘን የቆረጥኩ ቀን ልጥፉን ልጠው አውጥተው እንደ ሜዳሊያ ደረቴ ላይ ለጠፉልኝ። እንደዚያው ሆኜ ምሳ ቤት ሄድኩ።

ሥራ ቤታችን መናኸሪያው አጠገብ ስለነበር የማያልፍ መኪና የለም። አግዳሚያችን ላይ ያልተቀመጠ ሹፌርም አልነበረም። ስለዚህ በከተማው ውስጥ የትኛው መኪና የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደወጣ፣ መቼ እንደገባ ሳንጠይቅ እናውቅ ነበር። የደህንነት ሰዎች መኪናም ከዚህ አላመለጠችም። ላንድሮቨር ነበረች፤ የከተማው ሰው ስም አውጥቶላት “ስውሯ” ይላታል። ማንም እንዳያውቃት ስለሚደክሙ ነው ስሙ የወጣላት።

ድካማቸው ያሳዝናል። ዛሬ ግራጫ ትሆናለች፣ ከጥቂት ወር በኋላ አረንጓዴ ትሆናለች፣ ታርጋዋም አብሮ ይለወጣል። ችግሩ፣ በአሰላ ያኔ መኪና የሚቀባው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ አቶ ግዛው፤ ቤቱም ከእኛ አጥር ጋር ተያይዟል። ስውሯ ስትቀባ እኛም በቀለሙ ሽታ እናስነጥሳለን። በማግስቱ ገበያ ላይ ድንች የምትሸጥ ሴት እንኳ “ዛሬ አረንጓዴ ለብሳለች” ትላለች። ቀለሙ ባይኖርም ያው ነው። የኋላ መስኮቷ መጋረጃ አለው። ሌላው ሾፌር መኪናውን እንዳመጣው ሲያቆም፣ እሷ ብቻ ወደ ኋላ ገብታ አፍንጫዋን ወደ መንገድ አዙራ ትቆማለች። ይህን ለማወቅ ሰላይ መሆን አያስፈልግም፤ ሁሉም ነገር አደባባይ ላይ ነው፣ ዓይን ይበቃል።

ሹፌሯ ደምሴ ይባላል። ወፍራም፣ ፉጨት የሚወድ፣ ወሬኛ። ስለ ሥራው ግን ትንፍሽ አይልም። “ከየት መጣህ ደምሴ?” ሲሉት “ከቤት” ነው መልሱ። ጋሽ ቱፋ ጎማውን ዳብሰው “ቤትህ ሲሬ ነው እንዴ?” ይሉታል፣ እሱ ወደ ሰማይ እያየ ያፏጫል። እኛ ሞኝ ይመስለን ነበር።

ምሳ የምንበላው እትዬ አስካለ ቤት ነው። ከመንገዱ ማዶ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት። ሽሮዋ ጥሩ ነው፣ የምትታወቀው ግን በስንግ ቃሪያዋ ነው፤ ሽንኩርቱን በምን እንደምታሸው እስከዛሬ አልነገረችም። ደምሴም እዚያ ነበር የሚበላው፣ ሁልጊዜ ሁለት ቃሪያ። ባሏ መምህር ግርማ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሂሳብ አስተማሪ ነው። ቀልደኛ ነው፣ አንድ ክፉ ልማድ ብቻ አለው፦ ቃሪያ ሲበላ ውስጡን ጠርጎ ይበላና ቆዳውን በሥርዓት አጥፎ ሳህኑ ዳር ያስቀምጠዋል። እትዬ አስካለ በዚህ ነገር ትበግናለች። “ቆዳውን ማን ይብላልህ?” ትለዋለች በሰው ፊት።

ያ ቀልዱ ነው ጉድ የሠራው። በውይይት ክበብ ካድሬው ረጅም ንግግር አድርጎ ሲያበቃ “ጥያቄ ያለው?” አለ። መምህር ግርማ እጁን አወጣ። “ንግግሩ ግልጽ ነው” አለ። “ያልገባኝ ነገር የቀበሌው ስኳር መቼ እንደሚመጣ ነው።” አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ካድሬው ግን አልሳቀም።

በማግስቱ በጠራራ ፀሐይ ስውሯ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች። መምህር ግርማን ከኋላ አስገብታው፣ መጋረጃዋን ጋርዳ፣ በላይኛው መንገድ ከከተማ ስትወጣ ሁሉም አየ። የት እንደወሰደችው ግን የሚያውቅ አልተገኘም።

እትዬ አስካለ ምሳ ዕቃዋን ይዛ መዞር ጀመረች። ፖሊስ ጣቢያ “እኛ ጋ የለም” አሏት። ቀበሌ “እኛ ጋ የለም” አሏት። ወህኒ ቤትም እንደዚሁ። በዚያ ጊዜ ሰው ሲታሰር ቤተሰብ መጀመሪያ የሚፈልገው ጠበቃ አይደለም፣ ምግብ የሚቀበል በር ነው። በሩ ምግቡን ከተቀበለ ሰውየው አለ ማለት ነው። ምግብ የሚቀበል በር ያጣች ሚስት ምን እንደምታስብ ልነግራችሁ አልፈልግም። ከእኛ ፊት አላለቀሰችም፤ ሽሮዋ ግን ጨው እየበዛበት ሄደ፣ እኛም ዝም ብለን በላን።

ደምሴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ምግብ ቤቷ አልመጣም። አፍሮ ነው አልን።

በዚያው ሳምንት ስውሯን ይዞ ወደ እኛ መጣ። ወሩ ጥር ነበር፣ ውቂያ ላይ። “የፊት ግራዋ አየር የምትቀንስ መሰለኝ” አለና አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ማፏጨት ጀመረ። ጋሽ ቱፋን አየኋቸው። ቸኩለዋል። መኪናዋን አልዞሩም፤ ቀጥታ ወደ ፊት ግራው ጎማ ሄዱ። ጥርሱ መሃል ቀይ አፈር፣ በአፈሩ ላይ የገብስ ገለባ ተጣብቋል። ጀርባቸውን ለደምሴ ሰጥተው ቀመሱ። ከዚያ ዓይኔን ትክ ብለው አዩና ራሳቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ጮሌ አቅጣጫ ነቀነቁ።

ጎማውን ፈታሁት። የውስጡን አውጥተን በርሜል ውስጥ አገላበጥነው፣ አንድም አረፋ አልወጣም። አንድ የድሮ ልጥፍ ብቻ አለበት፣ አራት ማዕዘን። “ማነው ይሄ ሰነፍ?” አሉ ጋሽ ቱፋ፣ እኔም ሳቅኩ። ደህና ነው ብለን መልሰን ገጠምነው። ደምሴ አመስግኖ ሄደ።

ምሳ ሰዓት ላይ እትዬ አስካለ ሽሮውን ስታቀርብ ጋሽ ቱፋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “አስካለ፣ ጮሌ ዘመድ የለሽም?” አሏት። እጇ ላይ ያለው እንጀራ መሶቡ ላይ ወደቀ። ሌላ አልጠየቀችም። በማግስቱ ልጇን እህቷ ዘንድ ትታ፣ በእህል መኪና ላይ ተሳፍራ ጮሌ ወጣች።

ስትመለስ ከንፈሯ በብርድ ተሰነጣጥቆ፣ እግሯ አብጦ ነበር። ጮሌ ውስጥ ያላንኳኳችው በር የለም። አንዱ ዘበኛ “እመቤቴ፣ እዚህ ያሉት ሌቦችና ቅማሎች ብቻ ናቸው” ብሎ አሹፎባታል። ምግቡ ስለደረቀ እስር ቤቱ በር ላይ ለተቀመጡ የሌላ ሰው ቤተሰቦች ሰጥታው መጣች። ባዶውን ምሳ ዕቃ አምጥታ ከጋሽ ቱፋ ፊት አስቀመጠችና “የለም” አለች። ሌላ ነገር ብትለን፣ ብትሰድበን ይሻለን ነበር።

ጋሽ ቱፋ ለተወሰኑ ቀናት ምሳ አልበሉም። ጎማውንም በኦሮምኛ ማባበል ተዉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ጎማ ስለጥፍ ቁጭ ብለው መቀሴን ያዩ ነበር። ቁራጩን ዞር ዞር አድርጌ በክብ ስቆርጥ “ቁም” አሉኝ።

“ምነው ጋሼ?”

“የዚያን ቀን ልጥፉ ምን ዓይነት ነበር?”

“አራት ማዕዘን።”

“እኛ አራት ማዕዘን እንቆርጣለን?”

መቀሱን አስቀመጥኩ። በአሰላ አራት ማዕዘን የሚቆርጠው የእርሻ መሥሪያ ቤቱ ጋራዥ ነው። የእርሻ መኪኖች ደግሞ በየጊዜው ጮሌ ይወጣሉ። ጎማ በጠፋበት በዚያ ዘመን የመንግሥት ሾፌሮች ተጠባባቂ ጎማቸውን፣ ስኮርታውን፣ እንደ ወንፊት ይዋዋሱ ነበር። እኛ የቀመስነው የስውሯን መንገድ አልነበረም፤ የተዋሰችውን ጎማ መንገድ ነበር። ጋሽ ቱፋ ሁለቱንም መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። “ልጥፉን አይቼ ሳቅኩበት” አሉ። “ማየት ሲገባኝ ምላሴን ሰደድኩ።” ያን ቀን እንደዚያ ሆነው ማየት ከባድ ነበር፤ እንደ አባቴ እወዳቸው ነበርና።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ደምሴ ተመልሶ መጣ። “አሁን ደግሞ የኋላዋ ናት የምትቀንሰው” አለ። “ቶሎ በሉ፣ የምሳ ሰዓት እንዳያልፍ።” ተቀመጠና አፏጨ።

ጋሽ ቱፋ አሁን አልቸኮሉም። መኪናዋን ቀስ ብለው ዞሯት፣ አራቱንም ጎማ ዳበሱ። የኋላ ሁለቱ ጎማዎች ጥርስ መሃል ነጫጭ ፍሬዎች ታጭቀዋል፣ እርጥበት አግኝተው እንደ ሊጥ ተጣብቀዋል። መጀመሪያ ጎማውን አስፈቱኝ። የውስጡን አውጥተን አየነው፤ ሁለት ልጥፍ፣ ሁለቱም ክብ፣ አንዱን እኔው ራሴ የለጠፍኩት ነው። የስውሯ የራሷ ጎማ ነው። ከዚያ በኋላ ብቻ ከነጩ ነገር ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አደረጉ። ፊታቸው ሲጨማደድ፣ ሲተፉ፣ እንደገና ሲተፉ አየሁ። ወደ እኔ ጠጋ ብለው “ማዳበሪያ” አሉ። “በጥር ማን ነው ማዳበሪያ የሚበትነው?”

ማንም አይበትንም። የአርሲ ገበሬ ማዳበሪያ የሚያነሳው ክረምት ሲመጣ ነው። በጥር ማዳበሪያ የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ከገበያው ወዲያ ያለው አሮጌ መጋዘን። ባዶ ነው እየተባለ ተዘግቶ ነበር። ከእትዬ አስካለ ምግብ ቤት ደጅ ቆመህ የቆርቆሮ ጣሪያው ይታይሃል። በላይኛው መንገድ ወጥተው፣ ዞረው፣ በታችኛው ገብተዋል ማለት ነው። እሷ ጮሌ ድረስ ስትንከራተት እሱ ከሽሮዋ ሽታ ሥር ነበር።

በርሜሉ ውስጥ አሁንም አረፋ አልተገኘም። ደምሴ መኪናዋን አስነስቶ ሄደ።

እትዬ አስካለ በዚህኛው ጊዜ አላመነችንም፤ አልፈርድባትም። ጋሽ ቱፋ ግን ተነስተው ቆመው ነው የለመኗት። “ስሚኝ ልጄ” አሏት። “አለ ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂ። ከጠየቅሽ የለም ነው የሚሉሽ። የመምህር ግርማ ምሳ ነው በይና አስረክበሽ ዞር በይ። ወደ ኋላ አትዪ።”

እንዳሏት አደረገች። እኔ ከሩቅ ሆኜ የጎማ ብሎን የፈለግኩ እያስመሰልኩ መሬት መሬቱን እያየሁ ቆሜ ነበር። ዘበኛው ምሳ ዕቃውን አየ፣ እሷን አየ፣ ወደ ውስጥ አየ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ መራመድ ጀምራለች። ሊጠራት አፉን ከፈተና ተወው። ምሳ ዕቃውን ይዞ ገባ።

በሩ ምግቡን ተቀበለ። ግን ዘበኛው ራሱ በልቶትስ እንደሆነ? ይህን ሦስታችንም አሰብን።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል እትዬ አስካለ ምሳ ዕቃዋን ልትቀበል ሄደች። ስትመለስ መንገዱን በሩጫ ነው ያቋረጠችው፣ ነጠላዋ መሬት ይጎትታል። ክዳኑን ከፍታ ጋሽ ቱፋ አፍንጫ ሥር ደቀነችው። ምሳ ዕቃው ተጠርጎ ተበልቷል። ከጥጉ ላይ ብቻ አንድ የቃሪያ ቆዳ አለ፣ በሥርዓት የታጠፈ።

“እሱ ነው” አለች። “ይኼ ክፉ ልማዱ፣ እሱ ነው።” እየሳቀች ታለቅሳለች። ጋሽ ቱፋ ቆዳውን በሁለት ጣታቸው አነሱት፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ። “ለማረጋገጥ ልቅመሰው?” አሏት። እጃቸውን መታ አድርጋ ቀማቻቸው። ቆዳውን በመሐረቧ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያ በኋላ ምሳው አልተቋረጠም። አንድ ጊዜ የተቀበለ በር ሁለተኛ የለም ማለት ያቅተዋል። የት እንዳለ ከታወቀ በኋላ ሽማግሌ ተላከ፣ የትምህርት ቤቱ ሰዎችም ፈተና ደርሷል፣ የሂሳብ አስተማሪ የለንም ብለው አመለከቱ። ክረምቱ ሳይገባ ለቀቁት። ከስቶ ነበር፣ ጢሙ አድጎ ነበር፣ ማዳበሪያ ማዳበሪያ ይሸት ነበር። ወደ ቤቱ ሲገባ መጀመሪያ የጠየቀው “ስኳሩ መጣ?” ብሎ ነው አሉ። እትዬ አስካለ አፉን በእጇ ከደነችው።

ዓመታት ሄዱ። መንግሥት ሲለወጥ ስውሯ ሹፌር አጥታ አንድ ግቢ ውስጥ ቀረች፤ ሣር በቀለባት፣ ዶሮዎች መጋረጃዋ ሥር እንቁላል ይጥሉ ነበር። የመጨረሻ ቀለሟ ሰማያዊ ነው። ደምሴ ሲሬ ዘመዶቹ ዘንድ ሄዶ እህል ይነግዳል ሲባል ሰማሁ። ጋሽ ቱፋ በሰላም አርጅተው በሰላም ሞቱ። እስኪሞቱ ድረስ ታሪኩን በየሠርጉና በየልቅሶው ሲያወሩት ነበር። “በዚህች ምላስ” ይላሉ፣ ምላሳቸውን አውጥተው እያሳዩ፣ “በዚህች ምላስ ነው ያገኘሁት።” ሥራ ቤቱን ከነኮምፕሬሰሩ ለእኔ ሲተዉልኝ ከሁሉ በላይ የቆጫቸው ምላሳቸውን ሊያወርሱኝ አለመቻላቸው ነበር።

እንግዲህ ባለፈው መስከረም ትዕግሥት ለእኔ ጡረታ ድግስ ቢጤ አዘጋጀች። አግዳሚዋን አወጣን፣ ሰው ተሰበሰበ። መምህር ግርማ መጣ፣ እሱም ጡረታ ላይ ነው፣ ጆሮው ትንሽ ከብዷል፣ ቀልዱ ግን ያው ነው። እትዬ አስካለ አንድ ትልቅ ትሪ ስንግ ቃሪያ ይዛ መጣች። ሁላችንም ተቀምጠን ሳለ አንድ ወፍራም ሽማግሌ በከዘራ እየተደገፈ ገባ፣ እያፏጨ። በፉጨቱ ነው ያወቅኩት።

እኔ ተነስቼ “ግባ ጋሽ ደምሴ” አልኩና ቦታ ሰጠሁት። ጨዋታው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ልማድ ሆኖብኝ የጋሽ ቱፋን ታሪክ አነሳሁ፣ ስለ ምላሳቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ደምሴ ከዘራውን መሬት ላይ መታ አደረገ።

“ነፍሳቸውን ይማርና” አለ፣ “ያ ምላስ እኔን ሊገድለኝ ነበር።”

“እንዴት?”

“የመጀመሪያ ቀን የኋላ ጎማዎቼን ማዳበሪያ ላይ ነድቼ አምጥቼላችሁ ነበር። አየር የሚቀንስ ጎማ አልነበረኝም። አንዷን በዘፈቀደ ጠራሁ፣ ለሰበብ። ሰውየው ሁልጊዜ አራቱንም ይዳብሳሉ አይደል? ያን ቀን የተዋስኩትን የፊት ጎማ ልሰው ብድግ አሉ። እናንተ ሁለት ዕውሮች ሴትዮዋን ጮሌ ላካችኋት፣ እኔ ቤቴ ገብቼ ራሴን ይዤ ቁጭ አልኩ።”

እሱ ቀጠለ።

“ሁለተኛው ጊዜ ላይ ማዳበሪያው ላይ ውሃ ደፋሁበት፣ እንዲይዝ። ከዚያ መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ዞርኩበት፣ ዞርኩበት። ዘበኛው ምን ጠፍቶህ ነው ቢለኝ ማርሽ እየሞከርኩ ነው አልኩት። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? በቀለም ልጻፍላችሁ?”

“ለምን አልነገርከንም?” አልኩት።

“ብናገር በማግስቱ ከእሱ ጎን ነበርኩ። ከተማው ሁሉ ጎማዬን እዚህ ቤት እንደሚያነብ ግን አውቅ ነበር። ጎማ ደግሞ አይታሰርም።” ወደ መምህር ግርማ ዞረ፣ ድምፁ ወረደ። “ልጄን ሂሳብ ያስተማርካት አንተ ነህ። ማታ ማታ ‘አባዬ፣ መምህራችን የት ሄዱ?’ ትለኛለች። በመኪና የወሰድኳቸው እኔ ነኝ ልበላት?”

መምህር ግርማ ጆሮው ስለከበደ ከፊሉን ብቻ ነው የሰማው መሰለኝ፤ የሰማው ግን በቅቶታል። እጁን ዘርግቶ የደምሴን ጉልበት ያዘ። እኔ ስለ ጋሽ ቱፋ አሰብኩ። ይህን ሳይሰሙ በመሞታቸው አዘንኩ፣ ሳይሰሙ በመሞታቸው ደግሞ ደስ አለኝ።

እትዬ አስካለ ተነሳች። ከትሪው ላይ ትልቁን ቃሪያ መርጣ፣ ሽንኩርቱን ጨምራ፣ በእንጀራ ጠቅልላ ደምሴ ፊት ቆመች። “ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ አልበላህም” አለችው። “አፍህን ክፈት።”

ከፈተ። ሙሉውን አጎረሰችው። መምህር ግርማ ጎንበስ ብሎ ጆሮው አጠገብ “ቆዳውን መተው ይቻላል” አለው። ደምሴ ግን ራሱን ነቀነቀና ከነቆዳው አኝኮ ዋጠው። እንባ ዓይኑን ሞልቶ በጉንጩ ወረደ። በመሐረቡ ጠረገውና ከቃሪያው ነው አለን። እውነቱን መሆኑን ቀምሶ የሚነግረን ሰው ግን አልነበረንም።